ለብዙ ሰው ቤት የቱ ምድጃ ይሻላል?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ለወጡ እውነት ሊሆን ይችላል። ለአብሳይዋ ዓይን፣ ለልጆች ሳንባና ለቤቱ ኪስ ግን የጉልቻው መለወጥ ብዙ ነገር ያመጣል። ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ባለው ቤታችን 11 ሰዎች ነን። የጋዝ ምድጃ እንግዛ ሲባል ልጆቹ ደስ አላቸው። አማቴ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «እንጀራውስ በምን ይጋገራል?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። በየቤቱ ትልቁን ማገዶ የሚበላው እንጀራ ነው። ምጣዱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ተራ የጋዝ ምድጃ ግን እሳቱ መሃል ላይ ስለሚያተኩር ጠርዙ ሳይበስል መሃሉ ያርራል። ስለዚህ ጋዙ ለወጥ፣ ለሻይና ለሕፃን ወተት ነው። ለእንጀራው ሌላ ማሰብ ያስፈልጋል።

መብራት ካለ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። ነገር ግን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ማለትም ወደ 16 አምፔር ይስባል። በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ከሰኩት ገመዱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና ብሬከር በባለሙያ ያሠሩለት። መብራት ሲሄድ ደግሞ ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

አሁን ወደ ጋዙ። ሱቅ ሲሄዱ ትልቁን ድስትዎን ይዘው ይሂዱ። ምድጃው ላይ ያስቀምጡትና በእጅ ነቅነቅ ያድርጉት፤ ከተንገዳገደ ይተዉት። ለብዙ ሰው ቤት ከአራት ትንንሽ እሳት ሁለት ትልልቅ ይሻላል፤ አራት ድስት ጎን ለጎን አይቀመጥምና። ከዚያ ሻጩን «ሲሊንደሩ ሲያልቅ የት ይሞላል? ስንት ቀን ይፈጃል?» ብለው ይጠይቁ። ጭሮ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከዋናው መንገድ ወጣ ላሉት በደሳና ገለምሶ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። መሙያው ካልታወቀ ምድጃው የዕቃ ማስቀመጫ ጠረጴዛ ሆኖ ይቀራል።

የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ፣ አየር በሚገባበት፣ ሕፃናት በማይነኩት ቦታ ይቁም። አዲስ ሲገጠም በጎማውና በመገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ይቀቡ፤ አረፋ ከተነፋ ጋዙ እየወጣ ነው። ሽታ ከመጣ ሲሊንደሩን ይዝጉ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ልጆቹን ያውጡ። ክብሪት አይጫሩ፤ መብራትም አያብሩ፣ አያጥፉም።

ጋዝ ስለገባ ከሰል ከቤት አይወጣም፤ ቡና በከሰል ነው። «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ በሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። የትኛውም ቢሆን ግን ብርድ ነው ተብሎ በር ተዘግቶ ከፍም ጋር አይተኛም። ከፍም የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ጭሱም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ ጭስን ከሕፃናት የሳንባ ምች ዋና ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል።

እኛም በመጨረሻ ባለ ሁለት እሳት ገዛን። እንጀራው በምጣድ፣ ወጡ በጋዝ፣ ቡናው በረንዳ ላይ በከሰል ሆነ። ሁሉም ከተኛ በኋላ የሲሊንደሩ መዝጊያ በትክክል መዘጋቱን ነክተው የሚያረጋግጡት ግን አማቴ ናቸው። ያቺን ሥራ ለማንም አይሰጡም።