አሳዳጅ የምትለው ቃል

በአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ከወጣው ድንጋጌ ጀምሮ የጸና፣ ሌሎችን በዘራቸው፣ በሃይማኖታቸው ወይም በፖለቲካ አስተያየታቸው ምክንያት ያሳደደ ወይም በማሳደዱ ሥራ እጁን ያስገባ ሰው ጥገኝነት እንዳይሰጠው የሚከለክል አንቀጽ አለ፤ አንቀጹ ግን በፈቃድ የተደረገውንና በግዳጅ የተደረገውን ለይቶ አይናገርም።

ይህ ዝምታ ለክርክር የቀረበው በአንድ ኤርትራዊ ነገር ነው። ሰውዬው በኢትዮጵያ ላይ አልዘምትም በማለቱ ታስሮ ከተደበደበ በኋላ የወኅኒ ዘበኛ እንዲሆን ተገደደ፤ ኋላም በመርከብ ኮንቴይነር ተሸሽጎ አሜሪካ ገባ። የኢሚግሬሽን ዳኛውና የይግባኙ ቦርድ፣ ቢመለስ ሥቃይ እንደሚደርስበት አምነው ከመባረር ቢያስጥሉትም፣ ጥገኝነቱን ነፈጉት፤ ቦርዱ የተመረኰዘውም የትሬብሊንካን የናዚ ካምፕ ዘበኛ ጉዳይ መርምሮ፣ በጦርነት ለተፈናቀሉ ሰዎች የወጣውን የ1948 ሕግ በተረጐመው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1981 ብያኔ ላይ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2009 ያ ብያኔ ቦርዱን እንደማያስር ገልጾ፣ ቃሉ አሻሚ ነውና ራሱ ቦርዱ እንደ ገና ይተርጕመው ሲል ነገሩን መለሰለት፤ ሕጉ አሻሚ ሲሆን የአስፈጻሚው መሥሪያ ቤት ሚዛናዊ ትርጓሜ ይጽና የሚለው፣ «ሼቭሮን» የተባለው የ1984 ሥርዓት ያን ጊዜ ገና አልተሻረም ነበርና። ዳኛ ስቲቨንስ ግን ይህን ጥያቄ መፍታት የፍርድ ቤቱ የራሱ ግብር ነው ብለው በከፊል ተለዩ፤ እኔም እውነቱ ወደ እርሳቸው ያደላ ይመስለኛል።

በጉባኤ ቤት መምህሩ «አንድም» እያሉ ትርጓሜ በትርጓሜ ላይ ቢያክሉ ምሥጢር ይሰፋል እንጂ ማንም አይጐዳም፤ በስደተኛ ላይ ግን አንዱ «አንድም» በር ሲከፍት ሌላው ይዘጋል። ያውም ቦርዱ ያለው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነውና፣ በ2018 ግዳጅን በጠባቡ እንደ መከላከያ ቢቀበል፣ በ2020 የሚኒስቴሩ የበላይ የሆኑት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሻሩት፤ በ2021 ደግሞ ተተኪያቸው የሽረቱን አፈጻጸም አግደው ጉዳዩን ወደ ራሳቸው አቀረቡ። በዚህ ሁሉ መካከል ከሕጉ አንዲት ፊደል አልተነካችም።

በጁን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሼቭሮንን ሻረ፤ ምክንያት የሆነውም የስደተኛ ሳይሆን የዓሣ አጥማጆች ክስ ነበር። ትርጓሜው ወደ ዳኞች ቢመለስም የፍሬ ነገሩ ውሳኔ ግን አልተመለሰም፤ ዘበኛው በበሩ ላይ ምን እንዳደረገ፣ ማንስ እንዳስገደደው በመዝገቡ የተጻፈውን፣ ማናቸውም አስተዋይ ዳኛ የግድ ተቃራኒውን ካልፈረደ በቀር፣ የይግባኝ ፍርድ ቤት አይነካውም።