የፈረሰ አርማታ ወደ ጠጠር

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ፒያሳ ሲፈርስ ሁለት ዓይነት ቅሪት ታየ። ፌሮው ፈላጊ አያጣም፤ ቆራሌው አለ። አርማታውስ?

ተፈጭቶና ተነፍቶ ጠጠር ይሆናል። ችግሩ አሮጌው የሲሚንቶ ቆዳ ከድንጋዩ አለመላቀቁ ነው፤ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል። ደረቁን ከተቦካ የሲሚንቶውን ውሃ ይሻማል፣ ድብልቁም እጅ ላይ ይደርቃል። ስለዚህ ቀድሞ ይረሰርሳል። ከተለመደው ጠጠር እስከ 30 በመቶ ገደማ በዚህ ቢተካ የአዲሱ አርማታ ጥንካሬ ብዙም አይጎዳም።

ከአዲስ አበባ ርቆ፣ ኢሉባቦር ውስጥ ዳሪሙ ወረዳ ላይ ግን ስሌቱ ይለወጣል። የእንጨትና የጭቃ ቤት ሲፈርስ ከእንጨቱ ሌላ የሚተርፈው ጭቃና ጭድ ነው፤ እሱ አርማታ ውስጥ አይገባም። የተሰበረ ብሎኬት ግን ከሊሾ ሥር ለሙሌት ይበቃል። በክረምት ደግሞ የተፈጨው ጠጠር ክምር ራሱ ዝናብ ጠጥቶ ያድራልና፣ የውሃ ባልዲ ከመገልበጥ በፊት ጠጠሩን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል።