ያውቁ ኖሯል? የአቃቂ ዋልካ አሲድን ይመክታል
ጫማ አልለቅ የሚለው የአቃቂ ቃሊቲ ጥቁር ጭቃ ለአሲድ ብርቱ መከላከያ ነው። ንጹሕ ዝናብ እንኳ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀላቅል በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ 5.6 ገደማ ይሆናል። ከፋብሪካና ከመኪና ጭስ የሚወጡ የሰልፈርና የናይትሮጅን ጋዞች ሲጨመሩበት ይበልጥ ይወርዳል። አንድ ቁጥር ወረደ ማለት አሲዱ 10 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ዝናብ ለዓመታት ሲወርድበት ከደን አፈር ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስዳል። የከፋው ግን በሸክላው ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም መፈታቱ ነው፤ ሥሩን ያቀጭጨዋል፤ ዛፉ ውኃ አጠገቡ እያለ ይጠማል።

ዋልካ በካልሲየም የበለጸገ ስለሆነ የአሲዱን ኃይል ይሰብራል። የአዊ ደጋ ቀይ አፈር ይህ አቅም የለውም፤ ያለ አንዳች የፋብሪካ ጭስ፣ የዘመናት ዝናብ አጥቦት ገበሬው ኖራ ይበትንበታል።

ለአቃቂ እኔን የሚያሳስበኝ ከሰማዩ ይልቅ ወንዙ ነው። በፋብሪካ ፍሳሽ የሚገቡ ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች በመስኖ አድርገው የጎመን ማሳው ላይ ይቀራሉ። ዋልካው ብዙውን አጥብቆ ይይዛል፤ አሲዳማ እየሆነ ከሄደ ግን እንደ ካድሚየምና ዚንክ ያሉትን ለተክሉ ይለቃል።