አቤል አሊየር፦ ከካርቱም የዳኝነት ወንበር እስከ ደቡብ ሱዳን ራስ ገዝ አስተዳደር መሪነት

በየካቲት 1964 ዓ.ም. (እአአ 1972) ሁለት የሱዳን ልዑካን ቡድኖች ለድርድር አዲስ አበባ ውስጥ ተገናኙ። አንደኛው የካርቱም መንግሥትን፣ ሌላኛው ደግሞ ለ17 ዓመታት በዘለቀው ጦርነት የተዋጉትን የደቡብ አማጽያን የወከለ ነበር። የመንግሥቱን ቡድን የመሩት የጦር አዛዥ ወይም የሰሜን ፖለቲከኛ አልነበሩም፤ የደቡብ ተወላጅ የሆኑት የሕግ ባለሙያ አቤል አሊየር ነበሩ።

እአአ በ1933 በቦር አካባቢ ከዲንካ ማኅበረሰብ የተወለዱት አሊየር፣ ሕግ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተምረው ትምህርታቸውን በአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ አጠናክረዋል። በሱዳን ፍርድ ቤቶች በዳኝነት ካገለገሉ በኋላ ‘የደቡብ ግንባር’ በተሰኘው ፓርቲ በኩል ወደ ፖለቲካ ገቡ። የደቡብን ጥያቄ ለመፍታት በ1965 ካርቱም ላይ በተካሄደው የክብ ጠረጴዛ ጉባኤም ተሳትፈዋል።

ኮሎኔል ጃፋር ኒሜሪ በ1969 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዙ አሊየር የካቢኔ አባል ሆኑ። የደቡብ ጉዳዮች ሚኒስትር የነበሩት ሌላው የሕግ ባለሙያ ጆሴፍ ጋራንግ፣ በ1971 ከከሸፈው የግልበጣ ሙከራ ጋር ተያይዞ በስቅላት ሲቀጡ፣ ኃላፊነቱ ለአሊየር ተሰጠ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ምክትል ፕሬዝዳንትም ሆኑ።

በአዲስ አበባው ድርድር የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ እና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ያሸማገሉ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተደራዳሪዎቹን ለማቀራረብ ጥረት አድርገዋል። እጅግ አከራካሪ የነበረው የጦሩ ጉዳይ ነበር። በመጨረሻም በደቡብ ከሚሰፍሩት 12 ሺህ ወታደሮች ግማሹ የደቡብ ተወላጆች እንዲሆኑ ስምምነት ላይ ተደረሰ።

ስምምነቱ ሦስት የደቡብ ክፍላተ ሀገራትን በአንድ ራስ ገዝ አስተዳደር ሥር አሰባሰበ። አሊየርም መቀመጫውን ጁባ ያደረገው የከፍተኛ አስፈጻሚ ምክር ቤት የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ሆኑ። እስከ 1978፣ ከዚያም ከ1980 እስከ 1981 አስተዳደሩን መርተዋል።

የሥልጣን ዘመናቸው ከተቃውሞ የጸዳ አልነበረም። የነጭ ዓባይን ውሃ ከሱድ ረግረግ አሳልፎ ወደ ሰሜን ያደርሳል የተባለው የጆንግሌ ቦይ ዕቅድ፣ በ1974 በጁባ የተማሪዎችን አመፅ ቀሰቀሰ። ተቃዋሚዎች ቦዩ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ያደርቃል፣ ጥቅሙም ለግብፅና ለሰሜን ሱዳን ነው ሲሉ፣ አሊየር በበኩላቸው ለአካባቢው ልማት ያመጣል በሚል ዕቅዱን ደገፉ። ቁፋሮው ቢጀመርም በአማጽያን ጥቃት ምክንያት በ1984 ተቋረጠ።

ይሁን እንጂ ትልቁ ፈተና ከካርቱም የመጣ ነበር። የራስ ገዝ አስተዳደሩ ሕግ ሊሻሻል የሚችለው በብሔራዊው ምክር ቤት በሦስት አራተኛ ድምፅ፣ በደቡብ ደግሞ በሕዝበ ውሳኔ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲደገፍ ብቻ እንደሆነ ተደንግጎ ነበር። በወረቀት ላይ ይህ ጠንካራ ዋስትና ነበር። ነገር ግን ኒሜሪ በ1981 የአሊየርን አስተዳደር በተኑ፤ በ1983 ደግሞ ምንም ሕዝበ ውሳኔ ሳይካሄድ፣ በፕሬዝዳንታዊ ትዕዛዝ ደቡብን ለሦስት ከፈሉት። በዚያው ዓመት የሸሪዓ ሕግ ታወጀ፤ በቦር የጀመረው የወታደሮች አመፅም 22 ዓመት ወደፈጀ ሁለተኛ ጦርነት ተሸጋገረ።

አሊየር በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የተፈረሙ ስምምነቶች በተደጋጋሚ አለመከበራቸው ለደቡብ ሱዳን ችግር ያለውን ድርሻ መርምረዋል። እርሳቸው ራሳቸው ግን ከሕግና ከተቋማት ሥራ አልራቁም፤ በ2010 የተካሄደውን የሱዳን ምርጫ ያስፈጸመውን ብሔራዊ የምርጫ ኮሚሽን በሊቀመንበርነት መርተዋል። በቀጣዩ ዓመት ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ሆነች።

የእርሳቸው የሥራ ታሪክ ዛሬም ትርጉም አለው። ሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. (እአአ 2023) ዳግም ወደ ጦርነት ከገባች ወዲህ ተፋላሚዎቹ የተስማሙባቸው ተኩስ አቁሞች በተደጋጋሚ ፈርሰዋል። የአዲስ አበባው ስምምነት ለ11 ዓመታት ሰላም አስገኝቷል፤ የፈረሰውም የሕጉ አንቀጾች ስለላሉ አልነበረም። አንድ ፕሬዝዳንት ሕጉን ሲጥስ ሊያስቆመው የሚችል ፍርድ ቤት ወይም ምክር ቤት ስላልነበረ ነው።