የፈረስ ሽምጥ ግልቢያ በፊዚክስ ሚዛን

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚከበረውን የፈረሰኞች በዓል የተመለከተ ሰው አንድ ጥያቄ በልቡ ይዞ መመለሱ አይቀርም። ይህ ፈረስ ከዓለም ፈጣን ፈረሶች ጎን ቢሰለፍ ምን ያህል ይቀደም ይሆን? በዓሉን የሚያዘጋጀው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ ፈረስ በዐድዋና በኋላም በጣሊያን ወረራ ዘመን ለአገር የዋለውን ውለታ ሲዘክር ኖሯል። ተማሪዎቻችን ጥያቄውን ሲያነሡልን አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ቀድመው ወስነው ነው፤ «የእኛ ፈረስ ትንሽ ነው፤ ከፈረንጅ ፈረስ አይደርስም» ይላሉ። በእኛ አስተያየት ግን ጥያቄው ራሱ ገና በወጉ አልተጠየቀም።

በመጀመሪያ የሚወዳደሩበትን ሚዛን እንመልከት። ቶሮብሬድ የሚባለው የእንግሊዝ የውድድር ፈረስ ዘር ከ17ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ለፍጥነት ብቻ እየተመረጠ የተራባ ነው። የዚህ ዘር አጭር ርቀት ውድድሮች ከ1,000 እስከ 1,400 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። በእንግሊዝ ዮርክ ከተማ የሚካሄደው ናንቶርፕ አምስት ፈርሎንግ ማለትም 1,006 ሜትር ነው፤ በፓሪስ ሎንሻም የሚካሄደው የአቤይ ውድድር 1,000 ሜትር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በሲድኒ የተጀመረው ኤቨረስት ደግሞ 1,200 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ባታሽ የተባለው ፈረስ ናንቶርፕን በ55.90 ሴኮንድ በመጨረስ ዴይጁር በ1990 ያስመዘገበውን 56.16 ሴኮንድ አሻሻለ። ርቀቱን ለጊዜው ብናካፍል በሴኮንድ 18 ሜትር፣ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ያህል አማካይ ፍጥነት እናገኛለን።

ከዚህ የፈጠነ ሰዓትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ስቶን ኦፍ ፎልካ የተባለ ፈረስ በኤፕሶም ሜዳ አምስት ፈርሎንጉን በ53.69 ሴኮንድ ሮጧል። ነገር ግን የዮርክ ሜዳ ለጥ ያለ ሲሆን የኤፕሶሙ ቁልቁል ነው። በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ብቻ የሚወርድ ሜዳ ፈረሱን ከነጋላቢው ክብደት 2 በመቶ በሚያህል ኃይል ወደፊት ይገፋዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ሰዓት ብቻ ነግሮን ስለ ሜዳው ዝም ቢል ግማሹን ወሬ ደብቆናል ማለት ነው።

በዚህች አንድ ደቂቃ በማትሞላ ጊዜ በፈረሱ አካል ውስጥ የሚካሄደው ነገር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ30 እስከ 40 ይመታ የነበረው ልብ ከ220 በላይ ይመታል። ጣፊያ ያከማቸውን ቀይ የደም ሕዋስ ወደ ደም ሥር ይለቅቃል፤ በዚህም ከደሙ 40 በመቶ ያህል የነበረው የሕዋሳቱ ድርሻ ከ60 በመቶ በላይ ይሆናል። እኛ ሰዎች ደማችንን በዚህ አኳኋን ለማወፈር አልታደልንም። እስትንፋሱም ከእግሩ ጋር የተቆራኘ ነው፤ በሽምጥ ግልቢያ ጊዜ ፈረስ በአንድ እመርታ አንድ ጊዜ ብቻ ይተነፍሳል። እመርታ ስንል አራቱም እግሮች በየተራ መሬት ነክተው ዙሩን እስኪጨርሱ ያለውን ማለታችን ነው። የአንዱ እመርታ ርዝመት 7 ሜትር ተኩል ቢሆን ፈረሱ 1,006 ሜትሩን በ134 እመርታና በ134 እስትንፋስ ይፈጽመዋል። ከፍተኛውን ፍጥነት የሚደርስበትም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ፉክክር ይበልጥ ለመፍጠን ሳይሆን ከሌላው ያነሰ ለመድከም ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን እግሩ ነው። የፊት እግሮች ከክብደቱ 57 በመቶ ያህል ይሸከማሉ፤ ለአንዱ የሚደርሰው 28.5 በመቶ ነው። ይሁንና በሽምጥ ግልቢያ አንድ እግር መሬት የሚነካው ከጠቅላላው ጊዜ በአንድ አምስተኛው ብቻ ነውና የጊዜውን ሁሉ ሸክም በዚያች ቅጽበት መክፈል አለበት። ይህም በአማካይ የጠቅላላውን ክብደት 1.4 እጥፍ፣ በጫፉ ደግሞ ከ2 እጥፍ በላይ ይሆናል። ፈረሱ 480 ኪሎ፣ ጋላቢው 60 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በአንድ ቀጭን እግር ላይ ከአንድ ቶን በላይ ያርፋል። በበጋ የሚሰነጣጠቀውን የፎገራን ዋልካ አፈር ያየ ሰው፣ ጣና ዳር ለጥ ያለ ሜዳ ሁሉ ለግልቢያ እንደማይሆን ከዚህ ስሌት ይረዳል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አንድ የቶሮብሬድ ፈረስ እስከ ጫንቃው 1.63 ሜትር ያህል ይቆማል። የአገራችን ፈረስ 1.30 ሜትር ነው እንበል። አጭሩንና ረጅሙን በአንድ ሰዓት መለካት ፍትሕ ነውን? ለዚህ መልስ የሚሰጠን በ19ኛው ምእተ ዓመት የመርከብን ጉዞ በትንንሽ ሞዴሎች ያጠና ዊልያም ፍሩድ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። አጭር የደንገል ታንኳና ረጅም ጀልባ በጣና ላይ እኩል ቢፈጥኑ የሚያስነሡት ማዕበል አይመሳሰልም። ፍሩድ ያስተዋለው፣ የፍጥነት ካሬ ለርዝመት ሲካፈል ውጤቱ እኩል ከሆነ ማዕበላቸውም እንደሚመሳሰል ነው። ይህንኑ ለመሬት ስበት መጠን ለ9.8 ስናካፍለው የፍሩድ ቁጥር ይባላል። እንግሊዛዊው የሥነ እንስሳት ሊቅ ማክኒል አሌክሳንደር ይህን ቁጥር ወደ እንስሳት እግር አመጣው፤ ልዩ ልዩ ቁመት ያላቸው እንስሳት ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ የሚሸጋገሩት ቁጥሩ 0.5 አካባቢ ሲደርስ፣ ከሶምሶማ ወደ ግልቢያ የሚሸጋገሩት ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሲደርስ መሆኑን አሳየ።

ባታሽን በዚህ ሚዛን ብናስቀምጠው፣ ቁመቱን 1.63 ሜትር አድርገን፣ የ18 ካሬ 324 ነው፤ ለ9.8 ከዚያም ለ1.63 ሲካፈል 20 ገደማ ይሆናል። 1.30 ሜትር የሚቆም ፈረስ ይህንኑ 20 ለማግኘት በሴኮንድ 16 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር ያህል መሮጥ ይበቃዋል። 1,006 ሜትሩን በ63 ሴኮንድ የጨረሰ የአዊ ፈረስ በሰዓት ሰባት ሴኮንድ ቢቀደምም በቁመቱ ልክ ግን ከዮርኩ ባለድል አላነሰም ማለት ነው።

የጭነቱም ነገር አለ። ስልሳ ኪሎው ጋላቢ ለ480 ኪሎው ፈረስ 12.5 በመቶ ነው። የእኛ ፈረስ 250 ኪሎ ቢመዝን፣ ጋላቢው ከነኮርቻውና ከነጌጡ 70 ኪሎ ቢሆን 28 በመቶ ይሸከማል። በተመሳሳይ ድርሻ ለመወዳደር ጋላቢው 31 ኪሎ ያህል መሆን ነበረበት፤ ይህም የሕፃን ክብደት ስለሆነ አንመክረውም፤ ይልቁን ከ63ቱ ሴኮንድ ላይ የተወሰነ ምሕረት መጨመር ይሻላል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የእንጅባራ አየር ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ የአየሩ ግፊያ ይቀንሳል፤ ለሳንባው የሚደርሰው ኦክስጅን ግን አብሮ ያንሳል።

ከባሕር ዳር እንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ልኬቱ ለአንድ የተማሪዎች ቡድን የሚከብድ አይደለም። ለጥ ባለና ስንጥቅ በሌለው ሜዳ ላይ 200 ሜትር በሜትር ገመድ ለክቶ በሁለቱም ጫፍ ዘንግ መትከል ያስፈልጋል። ፈረሱ ሙሉ ፍጥነት ይዞ እንዲደርስ ከመጀመሪያው ዘንግ በፊት በቂ መንደርደሪያ ይተውለት። በሴኮንድ 30 ምስል የሚያነሡ ሁለት የሞባይል ካሜራዎችን ጎን ለጎን አስጀምሮ አንድ ጭብጨባ ማስቀረጽ፣ ከዚያም ሳያቋርጡ ወደየዘንጋቸው መውሰድ ነው። ጭብጨባው የጋራ ሰዓታቸው ይሆናል። በእጅ ሰዓት ብንይዝ ሁለት አሥረኛ ሴኮንድ ያህል ልንሳሳት እንችላለን፤ በዚህ ዘዴ ግን ስሕተቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ምስል አይበልጥም። የቁልቁለቱና የነፋሱ ድርሻ እንዲጣፋ ፈረሱ ደርሶ መልስ ይጋለብ፤ በመካከሉም በቂ ዕረፍት ይሰጠው። ቁመቱ እስከ ጫንቃው፣ የጋላቢውና የኮርቻው ክብደትም ከሰዓቱ ጎን ይመዝገብ። ልኬቱ ከበዓሉ ቀን በፊት በማለዳ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀኑን ሙሉ ጉግስ ሲጫወት የዋለ ፈረስ ለባታሽ እኩያ ሆኖ አይቀርብም።