ሌባ የሚፈራው ሰፈር

ሌባ ምን ይፈራል? ብዙ ሰው «ዘበኛና ፖሊስ» ብሎ ይመልሳል። እውነት ነው። ነገር ግን ከዘበኛ በፊት የሚፈራው የሰው ዓይን ነው። ዓይን የሚደርስበት ሰፈር ለሌባ አይመችም።

ከአረካ እንነሳ። በአረካ ዙሪያ ያለውን የወላይታ ገጠር ቤት አስተውሉ። እንሰቱ በጓሮና በጎን ይተከላል። ከቤቱ ፊት ያለው ደጅ ግን ክፍት የሣር ሜዳ ነው። ከብት ይግጥበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ እንግዳ ይቀመጥበታል። በር ላይ የተቀመጠች እናት መንገደኛውን ታያለች። እሱም ያያታል። ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ታዲያ በዚህ ደጅ የሰው በግ ጎትቶ ማለፍ ቀላል ነው? «አንተ፣ ወዴት ነህ? በጉ የማን ነው?» የሚል አይጠፋም።

በከተማ ነገሩ ይለወጣል። አረካ ከሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። በገበያ ከተማ የማይተዋወቅ ሰው ይበዛል። ሰውም አጥሩን በቆርቆሮ ከፍ ያደርጋል። ግን ሌባው አንዴ ከዘለለ ማን ያየዋል? አጥሩ ባለቤቱን እንደከለለ ሌባውንም ይከልለዋል። በሁለት አጥር መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያም እንዲሁ ነው። ሲጨልምና ቆሻሻ ሲጣልበት ሰው ይሸሸዋል። ሰው የሸሸውን ቦታ ሌባ ይይዘዋል።

ጉዳቱ የኪስ ብቻ አይደለም። ማታ ከትምህርት የምትመለስ ልጅ በዚያ ማለፍ ትፈራለች። ከፈራች ትቀራለች። አንድ ጨለማ መተላለፊያ የሰው ትምህርት ያስቀራል ማለት ነው።

ይህ በሀብታም አገርም ደርሷል። በአሜሪካ፣ በሴይንት ሉዊስ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ፕሩት አይጎ የሚባል የድሆች መኖሪያ ተሠራ። 33 ሕንፃዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱ 11 ፎቅ ነበረው። የጥገናው ገንዘብ የሚመጣው ከኪራይ ነበር። ነዋሪው እየለቀቀ ሲሄድ ገንዘቡ አነሰ። የተሰበረ መስኮት ሳይጠገን፣ የጠፋ አምፑል ሳይቀየር ቀረ። ዘረፋ በዛ። በ1972 ሕንፃዎቹን ማፍረስ ተጀመረ፤ በ1976 አንድም አልቀረም።

ኦስካር ኒውማን የተባለ የሕንፃ ባለሙያ ቦታውን ተመልክቶ ነበር። ሁለት ቤተሰብ ብቻ የሚጋራው የደጃፍ ቦታ ንጹሕ ነበር። 20 ቤተሰብ የሚጋራው መተላለፊያ ግን ተበላሽቶ ነበር። ለምን? ሁለት ጎረቤት ይተዋወቃል፤ «የእኛ ነው» ይላል። የብዙው የሆነው ግን ባለቤት አጣ።

መፍትሔውስ? በዚያው አገር፣ በፊላደልፊያ ከተማ፣ ባለሙያዎች 541 ባዶ ቦታዎችን መረጡ። ከፊሉን እንዳለ ተዉት። ከፊሉን ግን ቆሻሻውን ጠረጉ፣ ሣርና ጥቂት ዛፍ ተከሉ፣ አሳልፎ የሚያሳይ አጭር የእንጨት አጥር አጠሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። በድሆች ሰፈር፣ በተጸዳው ቦታ አካባቢ፣ በጠመንጃ የሚፈጸም ጥቃት ከመቶ 29 ቀነሰ። አያችሁ? ሣርና አጭር አጥር! የወላይታ ደጅ ማለት እኮ ነው።

እርግጥ ድህነትና ሥራ ማጣት ሌብነትን ያመጣሉ። መጥረጊያ ብቻውን ሌብነትን አያጠፋም። ቢሆንም የተጠረገና የበራ መንገድ ለሌባ መደበቂያ አይሆንም።

ስለዚህ እድር ሲሰበሰብ ስለ ሞት ብቻ አትነጋገሩ፤ ስለ ሰፈራችሁም ተነጋገሩ። መተላለፊያውን በየተራ ጥረጉ። የመንገዱን ዳር ቁጥቋጦ ቁረጡ። እያንዳንዱ ቤት ማታ ማታ አንድ አምፑል ወደ መንገድ ያብራ። የጠፋው አምፑል በማግስቱ ይቀየር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ተወያዩ

1. በሰፈራችሁ ሰው ማታ የሚሸሸው ቦታ የት ነው?
2. የሚሸሸው ለምንድን ነው? ጨለማ ነው? ቆሻሻ ነው? ወይስ ከቤት አይታይም?
3. በዚህ ሳምንት ማን፣ ምን ሊሠራ ይችላል? ስሙንና ሥራውን ጻፉ።