ጠላው አልፈላ ሲል

መስከረም ሲጠባ የአዲስ አበባ ሰማይ ይጠራል። መቱ ግን ገና ክረምት ላይ ናት፤ የኢሉባቦር ዝናብ እስከ ጥቅምት ቶሎ አይለቅም። አምና መስቀል አምስት ቀን ሲቀረው 600 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጬ፣ ጭቃ የጠጣ ጫማዬን ደጃፍ ላይ አውልቄ አክስቴ ቤት ስገባ ሰላምታው እንኳ በቅጡ አላለቀም። "ዝም አለኝ" አለች ወደ ማድ ቤቱ እያመለከተች። ዝም ያለው ጋኑ ነበር።

አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጠላ የጠመቀች ሴት ናት። እንደ አገሩ ልማድ በቆሎና ማሽላ ነው የምታበዛው፤ ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቿ ፋርሶ የሚሉት ነው። የአምናው ግን የስንዴ ነበር። ሰበቡ ሙኒክ የሚኖረው ልጇ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ለመስቀል እመጣለሁ ብሎ ሲደውል፣ እዚያ ከስንዴ የሚጠመቅ ቫይስቢር የሚባል ቢራ እንደሚጠጣ አጫወታት። "ታዲያ እሱን እኔ ያቅተኛል?" አለችና ገበያ ወጥታ 25 ኪሎ ስንዴ ገዛች። የስንዴን ዋጋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ያ ሁሉ እህል ጋን ውስጥ ገብቶ እንደ ኩሬ ውሃ ተኝቷል፤ ልጁ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ጠላ ጠምቃችሁ የማታውቁ ካላችሁ መንገዱ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ተበጥብጦ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ጥንስስ ይሉታል። ከዚያ ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባበታል። ቀጥሎ ከተቆላ እህል የተሠራው እንኩሮ ተጨምሮ ይደፈደፋል። በመጨረሻ ውሃ ተሞልቶ ይከደናል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ አካሄድ አለው፤ ስለ ቀኑ ብዛት ሁለት እናቶች ሲስማሙ አላየሁም።

ጠላው ዝም ሲል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዷ ጌሾው አንሷል ትላለች፣ ሌላዋ ዓይን ነው ትላለች። አክስቴ ራሷ ጌሾ ልትጨምር እጇን ዘርግታ ነበር። ደግነቱ ጎረቤት ያሉ አንዲት እማማ ደረሱ። ጆሯቸውን ጋኑ ላይ ጣል አደረጉ፣ አሸተቱ፣ ቀጥሎም በጭልፋ ጫፍ ቀመሱ። "ይጣፍጣል" አሉ። ከዚያ አክስቴን ትክ ብለው አይተው "እንኩሮውን በትኩሱ ነው የጨመርሽው?" ብለው ጠየቁ። አክስቴ ዝም አለች። ዝናቡ በማድ ቤቱ ጣሪያ እየገባ ምድጃውን ሊያጠፋባት ሲል እንኩሮው ሳይበርድ ጋኑ ውስጥ ገልብጣው ነበር።

ለእኔ የዚያን ቀን ትልቁ ትምህርት ያ ቅምሻ ነው። ጠላ ውስጥ ሁለት ሥራ ይሠራል። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ደግሞ ስኳሩን በልቶ አልኮልና ያንን የሚንተከተክ ጋዝ ይሰጣል። ድፍድፉ ጣፍጦ ዝም ካለ ብቅሉ ሥራውን ጨርሷል፤ የጠፋው እርሾው ነው። የዱቄት ውሃ የሚል ከሆነ፣ ማለትም ጣፋጭም ኮምጣጣም ካልሆነ፣ ችግሩ ብቅሉ ዘንድ ነው፤ በደንብ ሳይበቅል ደርቆ ወይም በኃይለኛ ሙቀት ተቃጥሎ ይሆናል። እርሾ ሙቀት ይወዳል፣ ግን ልክ አለው። ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ይዳከማል፣ ወደ 60 ሲጠጋ ይሞታል። ከምድጃ የወጣ እንኩሮ ከዚያ በላይ ነው። ቴርሞሜትር የለኝም የምትሉ፣ ሕፃን የምታጥቡበትን ውሃ የምትሞክሩበት የእጅ አንጓ ይበቃል።

እማማ ቤታቸው ሄደው ከራሳቸው ጋን በማሰሮ ጉሽ ይዘው መጡ። እሱ ተጨመረ፤ ጋኑ ከቀዝቃዛው ግድግዳ ተነሥቶ ወደ ምድጃው ተጠጋ፤ አሮጌ ጋቢ ተጠመጠመበት። ብርዱም የራሱ ድርሻ ነበረውና። እዚሁ አካባቢ እንኳ ልዩነቱ ይታያል፤ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ጎሬ ከፍ ስለምትል ይበልጥ ትቀዘቅዛለች፣ ወደ ጋምቤላ ቆላ ከወረዳችሁ ደግሞ ያው ጠላ ቶሎ ደርሶ ቶሎ ይኮመጥጣል። ስለዚህ "የእናቴ ጠላ በሦስት ቀን ይደርስ ነበር" የሚለው ሰው መጀመሪያ እናቱ የት እንደጠመቁ ይንገረን።

በማግስቱ ማታ ጋኑ መናገር ጀመረ።

የአክስቴ ልጅ ደርሶ ታሪኩን ሲሰማ ሳቀ። ሙኒክ ውስጥ ጓደኞቹ ቤታቸው የስንዴ ቢራ ሲጠምቁ በዚሁ ጉዳይ ይጨነቃሉ፤ እርሾውን ትኩስ ብቅል ውሃ ላይ ጨምሮ የሚገድል ጀማሪ እዚያም አለ። የቫይስቢር እርሾ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ አካባቢ ይመቸዋል። ፋብሪካ ይህን በማሽን ይቆጣጠራል፤ ወደ መቱ ስትመጡ በምታልፏት በበደሌ ቢራ ፋብሪካ አለ። የቤት ጠማቂ ግን ያለው ጋቢና ምድጃ ነው። ጀማሪዎቹን የሚያስደነግጥ ሌላም ነገር አለ፤ አረፋው ከወረደ ቢራው ሞተ ይላሉ። አረፋ መውረድ ሞት አይደለም። እዚህም መልሱ መቅመስ ነው፤ ጣፋጭነቱ ከቀን ቀን እየቀነሰ ከሄደ እየሠራ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ቢመጣም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይለቃል።

አንድ ነገር ሲያጫውተኝ ገረመኝ። የባቫሪያ መስፍኖች እ.ኤ.አ. በ1516 ባወጡት ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ ብቻ ይሠራ ተባለ። እርሾ አልተጠቀሰም። የእርሾን ሥራ ፓስተርን የመሳሰሉ ሰዎች ያስረዱት ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ነው። እነዚያ ጠማቂዎች ግን ያለ ስሙ ይጠቀሙበት ነበር፤ ልክ ከጋን ጋን ጉሽ እንደሚዋሱት የእኛ እናቶች።

ስንዴ የራሱ ጣጣ አለው። ልባስ ስለሌለው ድፍድፉ እንደ ሙጫ ይያያዛል፣ ሲጠለል ጨርቁን ይደፍናል። ጀርመኖቹ የስንዴ ብቅሉን ከገብስ ብቅል ጋር የሚቀላቅሉት ለዚህም ጭምር ነው፤ የገብሱ ገለባ ማጣሪያ ይሆናል። አክስቴ ይህን ሳታውቅ ሁሉንም ስንዴ አድርጋው፣ ስናጠልል ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ ክንዴ ዛለ።

አሁን የማልስማማበትን ልናገር። አክስቴ ከስንዴው ከፊሉን በዚያ ዝናብ ስታበቅል ጥግ ላይ የነበረው አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቶ ነበር። "ሲፈላ ይሄዳል" አለች። አይሄድም። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በመቁላትም በመጠመቅም አይጠፋም፣ ጉበት ይጎዳል። በክረምት ፀሐይ በሌለበት አገር ብቅል ማድረቅ ከባድ መሆኑ ይገባኛል፤ ከምድጃ በላይ ቆጥ ላይ ስስ አድርጎ መዘርጋት ይሻላል። የሻገተውን ግን ጣሉት፤ ለዶሮም አይሆንም። ተከራክረን ተከራክረን፣ ሦስት ኪሎ የሚሆነው ተደፋ። አክስቴ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ።

የኮመጠጠ ጠላን በተመለከተ ረዥም ወሬ የለም። ክዳኑ ክፍት ሆኖ አየር ከገባው ወይም ከቆየ አልኮሉ ወደ ኮምጣጤ ይለወጣል፤ ስኳር ቢጨመር ጌሾ ቢጨመር አይመለስም።

የመስቀል ዕለት ዘመዱ ከጎሬ፣ ከሁሩሙ፣ ከያዮ ተሰበሰበ። የመጀመሪያው ጣሳ ለልጁ ተቀዳ፣ ጉሹን ነው የመረጠው፤ ቫይስቢርም ሳይጣራ ደፍርሶ የሚጠጣ ነው አለ። አሸተተና ዓይኑን ጨፍኖ "ሙዝ ሙዝ ይላል!" አለ። አክስቴ ደነገጠች። "ኧረ እኔ ሙዝ አላገባሁበትም!" ልጁ እየሳቀ ጀርመኖቹ የሚመኙት ሽታ እሱ መሆኑን፣ ሙዝና ቅርንፉድ የሚመስለውን ሽታ እርሾው ራሱ እንደሚፈጥረው፣ ሞቅ ሲል ሙዙ እንደሚበዛ አስረዳት። ያመነችው አልመሰለኝም። ሌላ ጣሳ ቀድታ ራሷ አሸተተች።

ወደ ጎሬ ለሚመለሱት ዘመዶች በጄሪካን ሲቀዳ ክዳኑን አላልተው እንዲያስሩት ነገርኳቸው፤ ገና የሚፈላ ጠላ ጋዙ መውጫ ካጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። አንዱ አጎቴ አጥብቆ ዘጋው። ሚኒባሱ ውስጥ የሆነውን ማታ ስልክ ደውሎ ነገረን፤ ልብሱ ገና አልደረቀም ነበር።